ከነላስቲኩ የተተከለ

መስከረም 6፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3 ሰዓት

ቦት ጫማዋን እያጠብኩ ነበር። ጭቃው አልለቅ አለኝ። በእንጨት ፈቀፈቅኩት፣ በብሩሽ ፈተግኩት፣ ሶሉ ስር አሁንም አለ። ቀይ የጋራው ጭቃ። ትቼው እጄን አደረቅኩና ደብተሬ፣ አንተን ከፈትኩ።

አንተን የገዛችህ እሷ ናት። እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርሽው ለምን ሆነ፣ ጻፊበት እንጂ ብላኝ። ሁለት ዓመት ባዶህን ሣጥን ውስጥ ተኛህ። አሁን ልጄ መቅደስ ከሞተች በኋላ ልሞላህ ነው። እጄ ቀርፋፋ ነው። ታገሠኝ።

ጫማውን ያመጣው አለቃዋ ነው፣ አቶ ዳዊት። ትናንት። ጋራው ላይ ዛፍ የሚያስተክለው ድርጅት ሰው። ከገደሉ ሲያነሷት ጋራው ላይ የቀሩትን ጫማዋን፣ ጃኬቷን፣ ገመዴን በፌስታል ይዞ መጣ። ገመዱ የኔ ነው፣ ድሮ ቅጠል የምሸከምበት። እሷ ወስዳ ቋጠሮ ቋጠሮ አበጅታ መለኪያ አድርጋው ነበር።

ከጃኬቷ ኪስ ምላጭ ወጣ። በወረቀት የተጠቀለለ። ያወጣው እሱ ነው፣ ሳልጠይቀው። ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰሞኑን ልቧ ደህና ነበር ወይ አለኝ። የሚያስከፋት ነገር ነበር ወይ። እኔ ሞኟ፣ ሥራ በዝቶባት ነበር ብዬ መለስኩ።

ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። እሁድ፣ ብቻዋን፣ ዝናብ፣ ገደል፣ ምላጭ። ቃላቱን ጎን ለጎን ደርድሮልኝ ሄደ። የመጨረሻውን ቃል እኔ እንድጨምርበት። አልጨምርም። እዚህም አልጽፈውም።

መ/ቤቱ እሁድ ሠራተኛ አያሠማራም አለ። በራሷ ፈቃድ ነው የወጣችው። እነሱ የሉበትም። በር ላይ ደግሞ ቆም ብሎ፣ አረንጓዴ ማስታወሻ ነበራት፣ የመ/ቤቱ ንብረት ነው፣ እዚህ ካለ አለኝ። የለም አልኩ። ዋሸሁ። ሆስፒታሉ ከልብሷ ጋር ሰጥቶኛል። የሽሮ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ለሰውየው ምንም ነገር መስጠት አስጠላኝ።

ያ ወሬ የቀጨኔን ቁልቁለት ከወረደስ? አርባዋ መስከረም 29 ነው። ካህናቱ ፊት ምን ብዬ ልቁም?

መስከረም 9፣ ዓርብ። ከሰዓት 9 ሰዓት

ማስታወሻውን ከሽሮው አወጣሁት። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ጽሑፏ ደቃቅ ነው፣ ዓይኔ ደግሞ የቅጠል ጭስ የበላው ነው።

ገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ፕሎት 1፣ ፕሎት 2፣ እያለ። ፕሎት የሚሉት ለቆጠራ የተለየ ቁራጭ መሬት ነው። መሀሉ ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ችካል ይተከላል፣ ገመድ ታስሮ ዙሪያውን ይዞራል፣ ገመዱ የደረሰበት ችግኝ ሁሉ ይቆጠራል። ይህን ነግራኛለች። ከእያንዳንዱ ችግኝ ጎን አንድ ፊደል አለ። ሕ ሕያው ነው። ደ የደረቀ ነው። ላ የሚል ደግሞ አለ፣ እሱን አላወቅኩትም።

ደ ይበዛል። በጣም ይበዛል። ላ ከሱ ይከተላል። ሕ የሚለውን በጣቴ ፈልጌ ነው የማገኘው።

አቶ ዳዊት የተወልኝ የሚያብረቀርቅ መጽሔት አለ። ሽፋኑ ላይ መቅደስ ናት፣ ችግኝ አጠገብ ተንበርክካ ስትስቅ። ውስጡ ከአሥሩ ዘጠኙ ጸድቋል ይላል። ዓይኔን ከመጽሔቱ ወደ ማስታወሻው፣ ከማስታወሻው ወደ መጽሔቱ። የልጄን ሳቅ ለጥፈውበት!

ነገሩን ያስረዳችኝ አምና ነው፣ እዚሁ መደብ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን እያሸሁላት። ባሕር ማዶ አንድ ትልቅ ኩባንያ አለ። ጭሱ ብዙ ነው። ጭሱ ዓለምን ያሞቃል። እና ኩባንያው እዚህ ዛፍ ያስተክላል። ዛፉ ሲያድግ ጭሱን ይውጣል፣ የዋጠው ተመዝኖ ካርቦን ክሬዲት የሚባል ወረቀት ይወጣለታል፣ ኩባንያው ወረቀቱን ይዞ ጭሴን መልሻለሁ ይላል። እኔ ሳቅኩ። ታዲያ እኔ ዕድሜ ልኬን ስውጥ የኖርኩትን ማን መዘነልኝ አልኳት። አልሳቀችም።

"እማ፣ ዛፉ በእውነት ካደገ እኮ ውሸት አይደለም።"

ካደገ። ያኔ ቃሉን አላስተዋልኩትም።

የመጨረሻው ገጽ ነሐሴ 25፣ እሁድ ይላል። የሞተችበት ቀን። ፕሎት 7። ስድስት መስመር ላይ "ላ ወጣለት" ብላለች። ሰባተኛው ላይ "ወይራ" ብላ አቁማለች። ጎኑ ባዶ ነው።

በራሷ ፈቃድ! ሥራ ላይ ነበረች። እየጻፈች ነበር። ግን ላ ምንድን ነው?

መስከረም 13፣ ማክሰኞ። ጠዋት

ዓለሚቱ መጣች። ዓለሚቱን ካላወቅክ ምንም አታውቅም። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ከጋራው ቅጠል ተሸክመናል። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ። መቅደስን ያስተማርኳት በዚያ ጀርባ ነው። አሁን ዓለሚቱ የድርጅቱ ችግኝ ጣቢያ ትሠራለች፣ አፈር በላስቲክ ትሞላለች። ጋራው ሲታጠርና ቅጠል ሲከለከል ሌሎቹን ሴቶች በተኑ፣ ከእኛ ሰፈር ሃያ ሴት ለሥራ ወሰዱ። እኔ አልገባም አልኩ። ልጄ ባጠረችው አጥር ተቀጥሬ አልሠራም ብዬ። ከመቅደስ ጋር አንድ ወር ተኮራርፈናል በዚህ ነገር። አንድ ወር! ዛሬ አንዱን ቀን በስንት በገዛሁት።

ሙዝ ይዛ ነው የመጣችው። ዓለሚቱ ሙዝ ይዛ አታውቅም። ደንገጥ አልኩ። ስለ አየሩ፣ ስለ ወገቧ አወራች። ከዚያ ማስታወሻው ካለ ብሰጣቸው ይሻላል አለች። ከውጭ አረጋጋጮች የሚባሉ ይመጣሉ፣ ዛፉ መጽደቁን የሚያዩ። የተሳሳተ ቁጥር እጃቸው ከገባ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፣ ሃያ ሴት መንገድ ላይ ነው።

ማን ላከሽ አልኳት። ዳዊት ነው ወይ? ሙዙን መላጥ ጀመረች፣ ለኔ ያመጣችውን። ሰውየው ለመላክ መኪና አጥቶ አሮጊት ላከ አልኳት። አሮጊት ማን ናት፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ሁለት ዓመት የምትበልጪኝ አለች። ልስቅ ነበር። አልሳቅኩም።

ላ የሚለው ፊደል ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ሙዙ አፏ ውስጥ እንዳለ ቀረ። አላውቅም አለች። ቶሎ ተነሥታ ሄደች።

ታውቃለች።

መስከረም 15፣ ሐሙስ። ከሰዓት 10 ሰዓት

ወጣሁ። አርባዋ ሳይወጣ፣ በጥቁር ልብሴ። ሰው ምን ይላል የሚለውን ዛሬ ቤት ትቼው ወጣሁ። ቦት ጫማዋን አደረግኩ፣ ሰፋኝ፣ ጨርቅ ጠቀጠቅኩበት።

አጥሩ ላይ ጋሽ ብሩ ነበር፣ ዘበኛው። ድሮ ሸክማችንን የሚያስጥለን ሰው ነው። ዛሬ ቆቡን አወለቀ። ሴት ልጅሽ የኔን ምሳ ሁልጊዜ ትጠይቅ ነበር፣ በላህ ወይ እያለች አለኝ። በሩን ከፈተ። እኔ አላየሁሽም አለና ፊቱን አዞረ።

ፕሎት 7 ከላይ ነው፣ የዝናብ ጎርፍ የቆረጠው ገደል አፋፍ ላይ። ችካሉን አገኘሁት። 7 ብላ በነጭ ቀለም ጽፋለች፣ የሰባቷ አንገት ሁልጊዜ እንደሚዘም ዘሟል። ገመዴን አሰርኩ። ዞርኩ። ቆጠርኩ። ደረቅ። ደረቅ። ደረቅ። አንዱን ያዝ ሳደርገው ተነቅሎ መጣ። ሥሩ የለም። ከሥሩ ቦታ ጥቁር ላስቲክ።

ላ።

ችግኙን ችግኝ ጣቢያ ያሳደጉበት ላስቲክ፣ ሲተከል ተቀድዶ መውጣት ያለበት፣ ከነላስቲኩ ተቀብሯል። ሌላ ነቀልኩ። ከነላስቲኩ። ሌላ። ከነላስቲኩ። ሥሩ መሄጃ አጥቶ ላስቲኩ ውስጥ ራሱ ላይ ተጠምጥሞ ሞቷል። እንደ አንጀት ተጠምጥሞ። ቁጭ ብዬ ሰባት ስምንት ነቀልኩ። ጮኽኩ ይሆናል፣ አላስታውስም፣ ጋሽ ብሩ ከታች ተጣርቷል።

ከዚያ ስድስቱን አየኋቸው። አፈራቸው አዲስ የተቆፈረ። ቅጠላቸው አረንጓዴ። አጠገባቸው ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ስር በሥርዓት የታጠፉ ስድስት ላስቲኮች፣ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር የተቀደዱ። በምላጭ።

ልጄ እሁድ የወጣችው ለዚህ ነው። ላ ብላ የጻፈቻቸውን፣ ገና ያልሞቱትን፣ ከላስቲክ ልታወጣ። መ/ቤቷ አልላካትም፣ እውነት ነው። ሊልካት አይችልም፣ ምክንያቱም መ/ቤቷ ጽፎ ጨርሷል፣ ሁሉም ጸድቋል። ያንን ምላጭ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጠው ሰው ለምን እንደያዘችው ያውቅ ነበር? ካወቀ እግዚአብሔር ይይለት። ካላወቀ ደግሞ የማያውቀውን ሥራ አለቃ ነው።

ሰባተኛው ወይራ አፋፉ ላይ ነው። ትንሽዬ። ከፊቱ አፈሩ ተንዷል። ከዚያ በላይ አልተጠጋሁም። ላስቲኩ ከጎኑ ብቅ ብሏል።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ። መስቀል

ትናንት በየሰፈሩ ደመራ ነደደ። በር ላይ ቆሜ ጭሱን አየሁ። የኛን ጭስ ማንም አይገዛም። ዛሬ ግንባሬን በአመዱ አልተቀባሁም። ዓለሚቱ አልመጣችም። ሌላ የምጽፈው የለኝም፣ ተናድጃለሁ።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ። ጠዋት 4 ሰዓት

አቶ ዳዊት ደወለ። ወ/ሮ አስካለ ማለቱን ትቶ እናቴ ይለኛል። አርባዋ ዕለት ከፍትሐቱ በኋላ ጋራው ላይ በስሟ ዛፍ ሊተክሉ አስበዋል። ድንኳን እነሱ ያመጣሉ። ፎቶዋ በትልቁ ይሰቀላል። አረጋጋጮቹና ከኩባንያው የመጡ እንግዶች በዚያው ሳምንት ስለሚገኙ አብረው ይገኛሉ።

ዝናቡ ሄዷል እኮ አልኩት። አሁን የሚተከል ችግኝ በማን ውኃ ይኖራል? ምልክት ነው አለኝ። ለመታሰቢያ።

ምልክት። ልጄ ለምልክት አልሞተችም፣ ስድስት ችግኝ ለማዳን ነው የሞተችው።

ማስታወሻው ተገኘ ወይ አለ ደግሞ። ዛሬ አልዋሸሁም። አለ አልኩ፣ በዕለቱ ይዤ እመጣለሁ። እፎይ ሲል በስልኩ ሰማሁት። ለማን እንደምሰጥ አልጠየቀኝም።

መስከረም 24፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

ሄጄ ዓለሚቱን ከቤቷ አወጣኋት። ልብስ እያጠበች ነበር፣ እጇ በአረፋ እንዳለ። ከጋራው ያመጣሁትን ችግኝ ከነላስቲኩ እግሯ ስር አኖርኩ።

አየችው። ከዚያ ተቀመጠች፣ መሬት ላይ፣ ውኃው ውስጥ።

አምና ሐምሌ ነው ነገሩ። የተከላው ቀን። ብዙ አውቶቡስ እንግዳ መጣ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ፣ ሙዚቃ፣ ካሜራ። እስከ ምሳ ድረስ የታሰበው ቁጥር መድረስ አለበት ተባለ። ዓለሚቱና ሌሎቹ ሴቶች ችግኝ አቀባይ ነበሩ። ሥራቸው ላስቲኩን በጥፍር እየቀደዱ ለእንግዳው ማቀበል ነው። መጀመሪያ ቀደዱ። ከዚያ ሰልፉ በዛ። አንዱ አስተባባሪ በሉ በሉ እያለ በድምፅ ማጉያ ይጮኻል። አፈር የነካው ጥፍር ላስቲክ አይቀድድም፣ ይንሸራተታል። አንዲት ሴትዮ ምን ላድርገው ብላ ችግኙን ይዛ ቆመች። ዓለሚቱም ዝም ብለሽ ክተቺው አለቻት። ከዚያ ለሁሉም እንደዚያ አለች። ሌሎቹም እሷን ሰምተው እንደዚያው አሉ። እኛ ሰዎች አንድ ጥፋት ሲጀመር ዝም ብለን ተሰልፈን ነው የምንከተለው።

"እኔ ነኝ አስኩ። በዚህ በእጄ ነው ያቀበልኳቸው። መቅዲ ነሐሴ ላይ መጥታ ጠይቃኝ ነበር፣ ነግሬያታለሁ። አልተቆጣችኝም። ምላጭ አለሽ ወይ ብቻ አለችኝ። ምላጩ የኔ ነው።"

መምታት ፈልጌ ነበር። እጄን አንስቻለሁ መሰለኝ። እሷ ፊቷን አልሸሸገችም። አሥራ አንድ ዓመት ፊት ፊቴ ስትሄድ ያየሁት አንገት። እጄን አወረድኩ። ግን አልማርኳትም። አንተ እወቅልኝ፣ አልማርኳትም ገና።

ስወጣ፣ ሐሙስ እመጣለሁ አለች ከኋላዬ። ምን ልትይ አልኳት። አላውቅም አለች።

መስከረም 29፣ ሐሙስ። ከሰዓት 11 ሰዓት

አርባዋ።

ጠዋት ቀጨኔ መ/ዓለም ፍትሐት ተደረገ። ካህኑ ሥራ ላይ ሳለች ያረፈች ብለው ስሟን ጠሩ። ቀድሜ ከጋራው ያመጣኋቸውን ስድስቱን ላስቲኮች አሳይቻቸው ነበር። እሳቸው ላስቲኮቹን በእጃቸው አገላበጡና እንደዚያ ብለው ጠሩ። እዚያ ላይ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ዛሬ አላለቀስኩም።

ጋራው ላይ ድንኳን። ወንበር። የመቅደስ ፎቶ ከኔ ቁመት ይበልጣል፣ ነፋስ ሲመታው ፊቷ ይጎብጣል። የውጭ አገር እንግዶች ኮፍያ አድርገዋል። ትልቁ ሥራ አስኪያጅ ንግግር አደረገ። ጀግናችን አለ። አሁን ጀግና ሆነች! ባለፈው ሰሞን ልቧ ደህና ነበር ወይ ነበር።

ጉድጓዱ ተቆፍሮ ይጠብቃል። ችግኝ አመጡልኝ፣ ጽድ፣ ሪባን የታሰረበት። ከነላስቲኩ። ሥራ አስኪያጁ በአንድ እጁ፣ እኔ በአንድ እጄ ይዘን ወደ ጉድጓዱ። ካሜራው ተደገነ። ማንም፣ ማንም ምንም አላለም። ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው።

ከነጠላዬ ጫፍ ምላጩን ፈታሁ። አቶ ዳዊት አየው፣ ፊቱ ተለዋወጠ። ወ/ሮ አስካለ፣ ወ/ሮ አስካለ እያለ ቀረበኝ። ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ሠነጠቅኩት። አወጣሁት። ሥሩ ነጭ ነበር፣ እርጥብ። ችግኙን ተከልኩ፣ ላስቲኩን እንግዶቹ ፊት ዘርግቼ ያዝኩ።

ከአረጋጋጮቹ አንዷ ያገር ልጅ ናት፣ መነጽር ያደረገች፣ የመቅደስ እኩያ። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ በአክብሮት ጠየቀችኝ። አቶ ዳዊት ቀድሞ፣ ሐዘን ነው፣ ይቅርታ አድርጉልን፣ እናት ናቸው አለ። ያን ሁሉ ቀን ያዘጋጀሁት ጠፋብኝ።

የተናገረችው ዓለሚቱ ናት። የሥራ ጋውኗን እንደለበሰች ከሴቶቹ መሀል ወጣች።

"ሐዘን አይደለም። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ከነላስቲኩ ነው የተቀበረው። አቀባይዋ እኔ ነኝ። ልጅቷ ይህን ስታወጣ ነው የወደቀችው።"

ባለመነጽሯ ልጅ ማስታወሻ እንዳለ ጠየቀች። አለ አልኩ። አቶ ዳዊት እጁን ዘረጋ፣ የመ/ቤቱ ንብረት ነው አለ። ልጅቷ ዓይኗን ከእጁ ወደ እጄ። ዛሬ ለማንም አልሰጥም አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ቀጨኔ ቤቴ ድረስ ነይ፣ ማስታወሻውን ትወስጃለሽ፣ ፕሎት 7 ድረስ እኔ ራሴ አደርስሻለሁ። ምን እንደሚሆን ልነግርዎ አልችልም፣ ያየሁትን ግን እጽፋለሁ አለች። ይበቃል።

ስንወርድ ዓለሚቱ ጋውኗን አውልቃ በክንዷ ይዛ ነበር። ነገ አትምጪ ብለዋታል። ኋላዬ ነበረች። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆሜ አሳለፍኳት። እንደ ድሮው ፊት ሄደች።

መስከረም 30፣ ዓርብ። ከጠዋት ጀምሮ

ማስታወሻዋን አንተ ላይ እየገለበጥኩ ነው። ከመጀመሪያው ገጽ። ዋናው ነገ ይሄዳል፣ ቢጠፋ፣ ቢጠፋባቸው፣ አንተ ትኖራለህ። ጣቴ አብጧል። ሕ፣ ደ፣ ላ። ብዙ ደ ጽፌያለሁ።

አቶ ዳዊት ሁለት ጊዜ ደውሏል። አላነሣሁም።

ዓለሚቱ ከሰዓት መጣች። ሃያዎቹ ሴቶች ግማሹ ይሰድቧታል፣ ግማሹ ምላጭ ስንት ይበቃል ይላሉ። ምክንያቱም ገና የሚድን አለ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ባሉት ፕሎቶች ላ ከደ ይበልጣል። ጋሽ ብሩ በሩን እንደሚከፍት ልኮብናል። ኩባንያው ወረቀቱን አገኘም አላገኘም፣ እሱ የነሱ ነው። የተከልነውን ግን ከላስቲክ እናወጣለን።

ሰባተኛውን ወይራ ነገ እኔ አወጣዋለሁ። ወስኛለሁ። ገመዱን ወገቤ ላይ አስራለሁ፣ ጫፉን ዓለሚቱ ትይዛለች። እሺ ብላለች። አልማርኳትም ገና፣ ግን ገመዱን ለሌላ ሰው አልሰጥም።

የመጨረሻው ገጽ ደረሰ።

ነሐሴ 25፣ እሁድ። ፕሎት 7።
ኮሶ። ላ ወጣለት።
ጽድ። ላ ወጣለት።
ጽድ። ላ ወጣለት።
ወይራ። ላ ወጣለት።
ኮሶ። ላ ወጣለት።
ጽድ። ላ ወጣለት።
ወይራ።